ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ ከመዝገብ ቤት ተዋወቁ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአዲስ ተቀጣሪዎች ናቸው። ተመርቀው፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው፣ ተፈትነው፣ በመጨረሻ ሥራ አግኝተው ገና ወንበራቸውን ያላሞቁ ልጆች። ሥራውንስ ተምረውታል። የሚያስጨንቃቸው ማንም ጽፎ ያልሰጣቸው፣ ቢሮው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን የሚያውቀው ሕግ ነው።

እኔ የሥራ ዘመኔን የጀመርኩት መዝገብ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በሰው ኃይል አስተዳደር ሠርቻለሁ። አዲስ ሰው ሲገባ ፋይል የምከፍተው፣ ሲወጣም የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የዛሬውን አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነዚህ ልጆች ሰጥቻለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ስምና መሥሪያ ቤትም አውጥቻለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ጁኒየር አካውንታንት ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ማንም አላሠለጠነኝም። አለቃዬን ስጠይቃት "ከሌሎቹ እይ" ትለኛለች። ሌሎቹ ደግሞ ሥራ በዝቶባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) ስሠራ ልዩነት አገኘሁ። ትልቅ ጉድ መሰለኝና ለዋና ሥራ አስኪያጁ በቀጥታ ኢሜይል ላክሁ። በኋላ ሲታይ ገና ያልተመነዘረ ቼክ ነው። አለቃዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊቷን አጥቁራብኛለች። የሙከራ ጊዜዬም እያለቀ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ልጄ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። ነገ ሄደሽ በአካል አነጋግሪያት። ሰዓቱን ምረጪ። የክፍያ ማዘዣ ጠረጴዛዋ ላይ ተቆልሎ ሰው በር ላይ በቆመበት ሰዓት አትግቢ። ከምሳ በኋላ ትንሽ ፋታ ስታገኝ «አምስት ደቂቃ ይሰጡኛል?» በያት። ከዚያ ነገሩን አታንዛዢው። «ልዩነቱን ሳገኝ ቅድሚያ ለእርስዎ ማምጣት ነበረብኝ። ሁለተኛ አይደገምም። ወደፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመኝ እንዴት እንዳቀርብልዎ ይንገሩኝ» በያት፤ ይበቃል። «ማንም አላሳየኝም» የሚለውን ለጊዜው ዋጥ አድርጊው። እውነት ነው፤ በዚያ ሰዓት ግን ክስ ይመስላል።

ለምን እንደተቀየመች ላስረዳሽ። ሥራ አስኪያጁ ኢሜይልሽን እንዳነበበ ወደ እሷ ሳይደውል አይቀርም። «ባንክ ላይ ጉድለት አለ እንዴ?» ሲላት የምትመልሰው አልነበራትም። የራሷን ክፍል ወሬ ከበላይዋ ሰማች። እኔ ባየኋቸው ቢሮዎች፣ የመንግሥትም ይሁን የግል፣ አለቃን ከዚህ በላይ የሚያስከፋ ነገር ጥቂት ነው። የተበላሸ ሒሳብ ይታረማል። አለቃን ከበላይ ሰው ፊት መልስ ማሳጣት ግን ቶሎ አይረሳም። እሷ መጥፎ ሰው ስለሆነች አይደለም፤ ያ ክፍል በእሷ ፊርማ ስለሚንቀሳቀስ ነው።

አሁን ወደ ቼኩ እንምጣ፤ ብዙ ትምህርት ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሒሳብ ሹም ሆነው የቆዩ ሰዎች የባንክ ልዩነት ሲያገኙ «ልዩነት» የሚለውን ቃል ከአፋቸው ከማውጣታቸው በፊት የሚያዩዋቸው ነገሮች አሉ። ተጽፎ የወጣ፣ አቅራቢው ግን ኪሱ ይዞት የሚዞር ቼክ አለ? እኛ ገቢ አድርገን ባንኩ ገና ያልመዘገበው ገንዘብ አለ? ባንኩ የቆረጠው ሰርቪስ ቻርጅ መዝገባችን ላይ ወርዷል? እነዚህን ካዩ በኋላ ያለፈውን ወር ሪኮንሲሌሽን ያወጣሉ። ያው ቼክ ባለፈው ወርም ተንጠልጥሎ ከነበረ ነገሩ እዚያው አለቀ። ካልተገኘ ብቻ ወረቀቱን ይዘው ወደ አለቃ ይገባሉ። ሲገቡም «ይህን አገኘሁ፣ ይህንና ይህን አየሁ፣ እዚህ ጋ ግን ቆምኩ» ብለው ነው።

አለቃሽ «ከሌሎቹ እይ» ያለችሽም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ባዶ እጁን መጥቶ «እንዴት ነው የሚሠራው?» የሚል ሰው ሙሉ ሰዓት ይወስድባታል። ግማሹን ሠርቶ መጥቶ «ይህችን ብቻ አሳዪኝ» የሚል ሰው ሁለት ደቂቃ ይወስድባታል። ለሁለተኛው ጊዜ አይጠፋም። ጥያቄሽን በትንሽ ደብተር ሰብስቢ፤ በየደቂቃው ብቅ አትበይ። የተነገረሽን ጻፊው። አንድን ነገር ሁለቴ መጠየቅ ያስቆጣል፤ እዚያው ፊታቸው ስትጽፊ ያየ ሰው ግን ደስ ብሎት ይነግርሻል።

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ?» ካልሽኝ፣ ወደ ታች እይ እልሻለሁ። አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ ዓይኑን ወደ ላይ፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ በር ይሰቅላል። የቢሮውን ሕግ የሚያውቁት ግን ጸሐፊዋ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ተላላኪው፣ ሹፌሩ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ እንዴት እንደገባ ጸሐፊዋ ታውቃለች። የትኛው አቅራቢ ክፍያ ሲዘገይበት ጩኸት እንደሚያነሳ ገንዘብ ያዧ ታውቃለች። ደብዳቤ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚተኛ ተላላኪው ያውቃል። ጠዋት ስትገቢ በስማቸው ጥሪያቸው፤ በዕድሜ ለሚበልጡሽ ማዕረጋቸውን ስጪ። ጽዳት የምትሠራውን እናት «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ሳይል አልፎ ሥራ አስኪያጁ ፊት የሚያጎነብስ ልጅ አይቼ አውቃለሁ። ሁሉም አይቶታል። ማንም አልነገረውም። በክፉ ቀኑ ግን የሚያግዘው አላገኘም።

ከመዝገብ ቤት ጋር መተዋወቅ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፋይል ማንበብ ትችያለሽ። በግል ድርጅት መዝገብ ቤት የሚባል ክፍል ላይኖር ይችላል፤ ከጸሐፊዋ ጀርባ ያለው መደርደሪያ ግን አይጠፋም። አስፈቅደሽ ያለፈውን ዓመት ወጪና ገቢ ደብዳቤ አገላብጪ። ቢሮው ለባንክ ሲጽፍ እንዴት ይጽፋል? ለግብር ሰብሳቢውስ? ግልባጭ ለማን ለማን ይደረጋል? ከዋናው ፊርማ በፊት ማን አይቶ ምልክቱን ያኖራል? አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያነበበ ሰው ሌላው በስድስት ወር የሚማረውን ያውቃል። ያቺን ግልባጭ የሚለውን መስመር ብታነቢ ኖሮ የሒሳብ ጉዳይ በማን በኩል ወደ ላይ እንደሚሄድ ወረቀቱ ራሱ ይነግርሽ ነበር።

የሙከራ ጊዜሽን ደግሞ በወር አትቁጠሪ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በጽሑፍም መሆን አለበት። የሥራ ቀናት ነው የሚለው፤ ሁለት ወር ማለት አይደለም። ውልሽን አውጥተሽ እይው። ያ ቀን አልፎ ሥራሽ ላይ ካለሽ ውልሽ ከተቀጠርሽበት ቀን ጀምሮ የጸና ነው። የጽሑፍ ውል ካልሰጡሽም የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ በ15 ቀን ውስጥ ሊሰጡሽ ይገባ ነበር፤ በትህትና ጠይቂ። ይህን የምነግርሽ ሄደሽ እንድትሟገቺ አይደለም። የተጻፈውን የሚያውቅ ሰው ያልተጻፈው ሲገጥመው አይደነብርም። የትኛው የአክብሮት ልማድ እንደሆነ፣ የትኛው መብት መንጠቅ እንደሆነ መለየት ይችላል።

«ሐዋሳ ውስጥ ባንክ ቤት ቴለር ነኝ። ስድስት ወሬ ነው። ደሞዜ ለቤት ኪራይና ለምግብ እንኳ አይበቃም፣ እናቴንም እረዳለሁ። ቢሮ ውስጥ ግን መዋጮ አያልቅም። አንዷ ወለደች፣ አንዱ አገባ፣ የሌላው አጎት ሞተ። እንቢ ስል "ኩራተኛ" ተባልኩ። ምሳም አብረው ነው የሚበሉት፤ እኔ ብቻዬን ስልኬን እያየሁ እበላለሁ። እውነት ይሄ ከሥራ ጋር ምን አገናኘው?»

ወንድሜ፣ ያገናኘዋል። ሐሳብህ ግን ግማሹ ልክ ነው።

ከልቅሶው ልጀምር። ልቅሶ አይቀርም። የሚፈለገው ብርህ ሳይሆን አንተ ነህ። ድንኳኑ ውስጥ ገብተህ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብለህ ትንሽ ተቀመጥ። የተሰጠህን ንፍሮ ቅመስ። ብዙ መናገር አይጠበቅብህም። ያ ባልደረባህ ሐዘኑን ጨርሶ ሲመለስ ማን እንደመጣ፣ ማን እንዳልመጣ አንድ በአንድ ያስታውሳል። በእኛ አገር ቢሮ ሰው ከሰው ጋር የሚዛመደው እንዲህ ነው፤ እኔም ጥሩ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

መዋጮውን በተመለከተ፣ ሰብሳቢውን ለብቻው ጠርተህ በግልጽ ንገረው። «እናቴን እረዳለሁ፣ እኔ ይህን ያህል ነው የምችለው፣ እሱን ሁልጊዜ አታጣብኝም» በለው። ትንሽ ሆኖ የማይቋረጥ መዋጮ ይከበራል። ሰው የሚቀየመው ዝም ብለህ ስትሸሽ ነው። ሠርግና ልደት ላይ መቀነስ ትችላለህ። ዕቁብም ቢሆን ወጪህን በደንብ ሳታውቅ አትግባ፤ ዕጣህን አስቀድመህ ወስደህ መክፈል ካቃተህ ስምህ ይጎድፋል።

ምሳ ዕቃህን ይዘህ ነገ አብረሃቸው ተቀመጥ። ሽሮ ብቻ ቢሆን ችግር የለም፤ ክፈተውና «እንብላ» በል። ለቴለር ይህ ከጨዋታ ያለፈ ጉዳይ ነው። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ካሽ ቢጎድልብህ ከኪስህ የምትሞላው አንተ ነህ። የዚያን ቀን ሰርቪሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ ከአንተ ጋር ቆሞ ብሩን እንደገና የሚቆጥርልህ፣ የገቢና የወጪ ቲኬቶቹን አንድ በአንድ የሚያይልህ ማን ነው? አብሮህ የሚበላው ነው። «ያ ከቀትር በፊት የመጣው ደንበኛ አምስት ሺህ አውጥቶ ነበር፣ ስድስት ሰጥተኸው እንዳይሆን» ብሎ የሚያስታውስህም እሱ ነው። ሥራው የሚለመደው እዚያ ምሳ ላይ ነው። የትኛው ደንበኛ ሲቸኩል መጠንቀቅ እንዳለብህ፣ ያረጀ ብር እንዴት እንደሚጠቀለል፣ ዋና ካሸሩ ምን እንደሚጠላ የሚወራው እንጀራው ላይ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን እንቢ ማለት ልመድ፤ ዋስትና ላይ። ቋሚ ደሞዝተኛ እንደሆንክ «ዋስ ሁነኝ» የሚል ይመጣል። ለብድር፣ ለሥራ መግቢያ፣ ለአክስቱ ልጅ። አብራችሁ ስለምትበሉ ይከብድሃል። ዋስ ስትሆን ግን ዋናው ሰው ሳይከፍል ቢቀር ዕዳው ከአንተ ደሞዝ ይቆረጣል። የራሱን ዕዳ ዓይቶ የማያውቅ ልጅ የሰው ዕዳ ሲከፍል ኖሮ ሥራ ሲለቅ አይቻለሁ። «ቤተሰቤን ሳላማክር ፊርማ አልሰጥም» በል። ሰው ይረዳሃል። ባይረዳህም እንዳትፈርም።

«በአንድ የዞን ከተማ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ረዳት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ያየሁት አስደነገጠኝ። ወረቀት፣ ቶነርና ወንበር ተገዝቷል ተብሎ ደረሰኝ መጣ፤ ዕቃው ግን አልገባም። "በጀቱ ሰኔ 30 ይመለሳል፣ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ቆርጣችሁ ክፍያው ይውጣ፣ ዕቃው ሐምሌ ላይ ይገባል" ተባለ። ነባሩ ሠራተኛ ፈረመ። ወንበሮቹ ሐምሌ ላይ ገቡ፣ ቶነሩ ግን ጎድሎ ነው የመጣው። አሁን ነባሩ በጡረታ ሊወጣ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት ፈራሚ እኔ ነኝ። ስጠይቃቸው "እዚህ ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ትለምደዋለህ" ይሉኛል። ልልመደው?»

አትልመደው። ዕቃው ሳይገባ አትፈርም። በዚህ አምድ ብዙ ነገር «እንደ ሁኔታው» ብዬ እመልሳለሁ፤ ይህን ግን አልልም።

ወረቀቱ ምን እንደሚል አስበው። ሞዴል 19 ላይ ያለው ፊርማህ «ይህን ዕቃ፣ በዚህ ብዛት፣ በዚህ ቀን ተረክቤአለሁ» ማለት ነው። «አለቃ አዞኝ ነው» የሚል መስመር የለውም። ኦዲተር ሲመጣ በሞዴል 19 የገባውን ይደምራል፤ በሞዴል 22 የወጣውን ይቀንሳል፤ የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ ያያል፤ ከዚያ መጋዘን ገብቶ ይቆጥራል። የጎደለው ቶነር የማን ነው? የፈረመው ሰው ነው። ያዘዘህ አለቃ ያዘዘህ በቃል ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ይሆናል፤ ቢኖርም «እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለት ይችላል።

እኔ ሰው ኃይል ሳለሁ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ አዛውንት ንብረት ክፍል ሠራተኛ ጡረታ ደረሰባቸው። ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ከመሥሪያ ቤቱ እርሳስ ወስደው የማያውቁ። ርክክብ ሲጀመር ከዓመታት በፊት የፈረሙበት የጽሕፈት ማሽንና የፋይል ካቢኔት መጋዘኑ ውስጥ የለም። የዚያን ጊዜው አለቃ ሄደዋል፤ አቅራቢውም ሱቁን ዘግቷል። ርክክቡ ስላላለቀ ክሊራንስ፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤቱ ዕዳና ንብረት ነፃ ናቸው የሚል ወረቀት፣ አልተሰጣቸውም። ክሊራንስ ስለሌለ የጡረታ ወረቀታቸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። በየሳምንቱ ባርኔጣቸውን ይዘው እየመጡ ከፊቴ ይቀመጡ ነበር። «ልጄ፣ በበጎ ነው የፈረምኩት» ይሉኝ ነበር። አምናቸው ነበር። ወረቀቱ ግን በበጎ ይሁን በክፉ አይለይም። በመጨረሻ ከራሳቸው ከፍለው ነው የወጡት። ልጅ ሆኖ ብዕር የሚያነሳ ሰው ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

አሁን እንዴት እንደምታደርግ እንነጋገር። ሰኔ 28 ላይ ቆመህ «እንቢ» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከሚያዝያ ጀምር። የግዥ ክፍሉን የታዘዙ፣ ግን ያልገቡ ዕቃዎችን ዝርዝር ጠይቅ። ግንቦት ላይ አጭር ማስታወሻ ጻፍ፦ «የሚከተሉት ዕቃዎች እስከ ሰኔ 15 ቢገቡ በጊዜ ቆጥረን ገቢ ማድረግ እንችላለን።» ይህ ሥራህን መሥራት ነው፤ ማንም አይቀየምህም። ያን ጊዜ ግዥ ክፍሉም አቅራቢውን ያጣድፋል። ከሚመጣው ጫና ግማሹ እዚህ ላይ ይቀንሳል።

ቀኑ ደርሶ «ፈርም» ሲሉህ ስለ ሙስና ንግግር አታድርግ። ሰው ፊት አታዋርዳቸው። «ዕቃው በር ላይ በደረሰ ሰዓት ቆጥሬ እፈርማለሁ፤ ማታም ይሁን እሑድ ስልክ ደውሉልኝ እመጣለሁ» በል። ከልብህ በለው፤ በእርግጥም ተገኝ። ከፊሉ ከገባ የገባውን ብቻ፣ ብዛቱን በፊደል ጽፈህ ፈርም፤ ባዶ መስመር ካለ ሰርዘው። ካስገደዱህ ትዕዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጡህ በትህትና ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ይቆማል፤ በጽሑፍ የሚያዝ ሰው ስለማይገኝ። ካላቆመ አንተ ጻፍ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ ምን እንደታዘዝክ፣ ዕቃው እንዳልገባ። ለቅርብ አለቃህ አድርሰህ ለውስጥ ኦዲት ግልባጭ አድርግ። መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስይዘው፤ አንድ ቅጂ ቤትህ ይቀመጥ። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ ከመዝገብ ቤት ጋር ይወዳጅ የምለው ለዚህም ነው። ያቺ ቁጥር ቀን ሲከፋ ምስክርህ ናት።

ከዚያ በላይ ከሄደ መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ካለው እዚያ ማመልከት ትችላለህ። የወንጀል ምስክሮችንና ጠቋሚዎችን የሚጠብቅ ሕግም አለ፤ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ነው።

ዋጋ አያስከፍልህም አልልህም። ሥልጠና ላይ ስምህ ሊቀር፣ አበል ያለው መስክ ሌላ ሰው ሊሄድ ይችላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እየሳቁ የሚነግሩህም ይኖራሉ። ያ ተረት ስንት ቤት እንዳፈረሰ እኔ ፋይሉን ስዘጋ አይቻለሁ። ነባሩ ሠራተኛ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ርክክቡን በችኮላ አትቀበል። እያንዳንዱን ዕቃ በእጅህ እየነካህ ቁጠር። የጎደለውን «የለም» ብለህ በርክክብ ሰነዱ ላይ ጻፍ፤ የዘንድሮው ቶነርም በዚያው ይያዝ። እሳቸውንም አትጥላቸው። ምናልባት እሳቸውም በልጅነታቸው «ትለምደዋለህ» የተባሉ ሰው ናቸው።

«ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፈው። አሜሪካ የመጣሁት በ17 ዓመቴ ነው። አሁን በአንድ ክሊኒክ የቢሊንግ (የሕክምና ክፍያ መጠየቂያ) ክፍል እሠራለሁ። በዓመቱ ግምገማ አለቃዬ ሥራዬ ንጹሕ እንደሆነ፣ ስብሰባ ላይ ግን ዝም እንደምል ጻፈችብኝ። የደሞዝ ጭማሪው ለሌላ ልጅ ሆነ፤ እኔ ያስተካከልኩትን ሥራ እሱ ነበር ያወራው። ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም በይ እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እኛ ቤት «ዝም አይነቅዝም» የሚል አለ። በዚያው ቤት «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለ። አንቺን ያሳደጉሽ በመጀመሪያው ነው፤ አሁን ሁለተኛው ያስፈልግሻል።

አለቃሽ የሠራሽውን ሁሉ ታያለች ብለሽ አትጠብቂ። እዚያ አገር ሠራተኛው ራሱ እንዲናገር ይጠበቃል፤ የራሱን ግምገማ ቅጽ እንዲሞላ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። በየዓርቡ ከመውጣትሽ በፊት የሠራሽውን ሁለት ሦስት መስመር ጻፊ። «ኢንሹራንሱ የመለሳቸውን ክፍያዎች አስተካክዬ ድጋሚ ላክሁ፣ ይህን ያህሉ ተከፈለ» ዓይነት። ከአለቃሽ ጋር ለብቻ ስትገናኙ ከዚያ ላይ አንብቢ። ስብሰባ ላይ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ነገር በይ፤ ጥያቄም ቢሆን። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር መናገር ይከብዳል። ስትናገሪም «ተስተካክሏል» አትበይ፤ «አስተካክያለሁ» በይ። ይህ ጉራ አይደለም፤ የሠሩትን ሪፖርት ማድረግ ነው። አባትሽ ፊት ስትቀርቢ እንደ ድሮው ሁኚ፤ እዚያ ማንም ግምገማ አይጽፍብሽም።

«በግል ድርጅት ስምንት ወር ሠራሁ። የተሻለ ሥራ አገኘሁ፤ አዲሱ ቀጣሪ "በሦስት ቀን ና" ይለኛል። ዝም ብዬ ብጠፋስ? ጓደኞቼ እንደዚያ ነው ያደረጉት።»

አትጥፋ። የሙከራ ጊዜህን ስለጨረስክ በዚያው አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ። አሠሪህ ቶሎ ሊለቅህ ከፈለገ በስምምነት ማሳጠር ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም ሥራህን አጠናቀህ ካስረከብክ ይስማማሉ። አዲሱን ቀጣሪ ጊዜ ጠይቀው። ዛሬ ያለማስጠንቀቂያ የሚያስመጣህ ሰው፣ ነገ አንተ እሱን እንዲሁ ጥለህ እንደምትሄድ ያውቃል፤ «ሕጉን ጠብቄ ልውጣ» ስትለው ያከብርሃል።

ደብዳቤውን አጭር አድርገው። ምስጋና፣ የምትለቅበት ቀን፣ ፊርማ። ቅሬታህን እዚያ ላይ አትዘርዝር፤ ያ ወረቀት ፋይልህ ውስጥ ዕድሜህን ይኖራል። ለቅርብ አለቃህ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት በቃል ንገረው። ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ ያልተወራረደ ገንዘብ ካለህ ሁሉንም አስረክብና ክሊራንሱን በየክፍሉ አስፈርም። ገንዘብ ያዧ ጋ ጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት በኋላ ባንክ ትሄዳለች። የሥራ ልምድ ወረቀት ያለ ክፍያ ማግኘት መብትህ ነው፤ የሠራኸውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንህንና ደሞዝህን መግለጽ አለበት። ቀሪ ደሞዝህና ያልተጠቀምክበት የዓመት ፈቃድ ክፍያም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልህ ይገባል። ከመውጣትህ በፊት የስምህን አጻጻፍ ከዲግሪህ ጋር አመሳክር፤ ማህተሙ ፊርማው ላይ ማረፉንም እይ። አንዲት ፊደል ተሳስታ ከክፍለ ሀገር ተመልሰው የሚመጡ ልጆች ብዙ ናቸው።